ሦስት ጎን ያለው አልጋ

የሚተኛበትን ቦታ ራሱ የማይመርጥ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ገና የተወለደ ሕፃን፣ ሁለተኛው የአራስ ባል። ሕፃኑስ አፍ አልፈታም እንበል። ባልየው ግን አፍ እያለው፣ ደመወዝ እያለው፣ አንዳንዱም እንደኔ ቦርጭና መላጣ ጭምር እያለው፣ ሚስቱ የወለደች ዕለት ወዴት ዞር እንደሚል የሚወስኑለት ሌሎች ናቸው። የድሬዳዋ ባል በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው ይባላል። ሙቀቱ ስለማይምር ብዙ ሰው ግቢ ነው የሚያድረው፤ ስለዚህ ከክፍሉ የተባረረ ባል "ሞቆኝ ነው" ብሎ ፍራሹን ቢያወጣ ጎረቤት አያውቅበትም። ይህን ዘዴ የነገረኝ አምስት ልጆች ያሉት የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ነው፤ ሲነግረኝም አልሳቀም።

እኔ ያገባሁት ዘግይቼ ነው። አርባ አራት ዓመቴ ላይ ባለቤቴ ሂሩት ማርገዟን ስትነግረኝ፣ ከዚራ ሰፈር ካለው ቢሯችን ዘበኛ ጀምሮ እስከ ባጃጅ ነጂው ድረስ ድሬ በሙሉ መካሪዬ ሆነ። ስለ ስም መከሩኝ፤ ስለ ሐኪም መከሩኝ፤ ለአራስነቷ የሚሆን ማር ከየት እንደሚገኝ ሳይቀር መከሩኝ። ስለ ሕፃን አልጋ ግን አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በኛ አገር ሕፃን አልጋ አያስፈልገውም፣ እናት አለችው።

የአልጋውን ነገር ያመጣችው ሂሩት ራሷ ናት። ሂሩት ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የልብስ ጥራት ተቆጣጣሪ ናት። ቀኑን ሙሉ ሸሚዝ እያገላበጠች እንከን ስትፈልግ ትውላለች፤ ማታ ቤት ስትገባ ደግሞ እኔን ታገኛለች። በሰባተኛው ወሯ አንድ ቅዳሜ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና እንከኔን ዘረዘረችው። ክብደቴ ዘጠና ስምንት ኪሎ ነው። እንቅልፌ ከባድ ነው፤ የጎረቤት አጥር ፈርሶ ሰፈሩ ሲጯጯህ እኔ አልነቃሁም። በሁለት ዓመት ትዳር ውስጥ አልጋ ላይ የረሳቻቸውን ሦስት መነጽሮች ተኝቼባቸዋለሁ።

"መነጽር ሲሰበር ሌላ ይገዛል" አለችኝ። "አንተና ልጄ አንድ ፍራሽ ላይ አትተኙም።"

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ለዚህ ምን መልስ አለው? ሦስት የተጨፈለቀ መነጽር በየትኛውም ፍርድ ቤት ያስቀጣል።

ሰውዬው ከመኝታ ክፍሉ ላለመውጣት ይህን ያህል ምን አስጨነቀው የሚል ይኖራል። ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ የባቡር ሰው ነበር። ድሬዳዋና ጅቡቲ ሲመላለስ ስለሚከርም ቤት የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው። እናቴ እንደነገረችኝ፣ እስከ ሦስት ዓመቴ ድረስ በሩ ላይ ባየሁት ቁጥር ጩኸቴን እለቀው ነበር። እሱም ያመጣልኝን ከረሜላ ለሷ ሰጥቶ ጓዳ ይገባ ነበር አሉ። ይህን ታሪክ ሰው ሁሉ እየሳቀ ነው የሚያወራው፤ እኔም ልጅ ሳለሁ ስቄበታለሁ። ሂሩት ካረገዘች ወዲህ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። ሐኪሙ ሴት ናት ያላት ልጄ እንግዳ አድርጋ እንድታየኝ አልፈለግሁም። አለቀ። ከዚያ ክፍል አልወጣም ያልኩት ለዚህ ነው።

መፍትሔውንም ሂሩት ከስልኳ አወጣችው። ሦስት ጎን ብቻ ያለው ትንሽ አልጋ ነው። አራተኛው ጎኑ ክፍት ሆኖ ከእናት አልጋ ጋር ይጋጠማል፤ ፍራሹ ከፍራሽ እኩል ይሆናል፤ በቀበቶ ይታሰራል። ሕፃኗ በራሷ አልጋ ላይ ናት፣ ግን እጅ ከተዘረጋ ይደረስባታል። እናት ሳትነሣ ስባ ታጠባለች፤ አባት ቢገላበጥም የሚገላበጥባት የለም። እንዲህ ያለውን ነገር ያሰበችው ወፍራም ባል የነበራት ሴት መሆን አለባት።

የሂሩት እናት እማማ ዘነበች ግን ከሳቢያን ሰፈር ድረስ መጥተው ሐሳቡን ሰሙና ከንፈራቸውን መጠጡ። "ሰባት ልጅ በብብቴ ሥር አሳድጌያለሁ፤ አንዱም አልጋ አልጠየቀኝ" አሉ። ሳይወለድ ዕቃ ማሰናዳት ደግ እንዳልሆነም አከሉበት። በመጨረሻም፣ ልጃቸው ስትወልድ አጠገቧ የሚተኙት እሳቸው መሆናቸውን፣ የወንድ ቦታ አራስ ቤት እንዳልሆነ፣ ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው ተናገሩ። ግድግዳው ዝም አለ፤ እኔም በማግስቱ አልጋ ፍለጋ ወጣሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ታይዋን ገበያ ነው። አንዱ ሱቅ ውስጥ ከጅቡቲ የገባ የሚያምር ነገር አገኘሁ፤ ጎማ አለው፣ ሙዚቃ አለው፣ ዙሪያውን በስፖንጅና በከፈይ ተለብጧል። እጄን ብከትበት በአንድ ደቂቃ ላብ አቸፈቸፈኝ። "አቦ፣ እዚህ ውስጥ ልጅ አይሞቃትም?" አልኩት ባለሱቁን። "ወላሂ ብርድ የሚባል አታውቅም" አለኝ፣ ድሬዳዋ ላይ ብርድ የሚፈራ ሰው ያገኘ መስሎት። የባሰው ደግሞ ቁመቱ ነው። የኛ አልጋ ከአያቴ የወረስኩት የብረት አልጋ ነው፣ እንደ በቅሎ ከፍ ያለ። የጅቡቲው የመጨረሻ ከፍታው ላይ ቢወጣም ከኛ ፍራሽ አንድ ክንድ ዝቅ ይላል። ሕፃን ቀርቶ ድመት የሚወድቅበት ገደል ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ነውና ነገሩ፣ ቤት ገብቼ አልጋችንን በሜትር ለካሁና አናጢ ዘንድ ሄድኩ።

አናጢው ጋሽ ሙክታር ይባላል፤ መጋላ ሰፈር ውስጥ የቆየ ባለሙያ ነው። እሱን ማግኘት የሚቻለው ጠዋት ነው። ከሰባት ሰዓት በኋላ ድሬ ላይ ሥራ ላይ ያለችው ፀሐይ ብቻ ናት፤ ሰው ወይ ይተኛል ወይ ይቅማል። ጋሽ ሙክታር መዶሻውን አስቀምጦ ሰማኝ። ከፍታውን ነገርኩት፣ ስፋቱን ነገርኩት፣ አየር እንዲገባ ጎኖቹ በእርብራብ እንዲሆኑ ነገርኩት።

"ሦስት ጎን አልክ። አራተኛውስ?"

"አራተኛው አያስፈልግም።"

ከእግር እስከ ራሴ አየኝና፣ "ሥራ እንዴት ነው አቦ? ቤት እንዴት ነው?" አለኝ።

"ደህና ነው፤ ኑሮው ነው እንጂ" አልኩት።

እንግዲህ ስህተቴ ይህች ናት። ደግሞም ስህተት ናት ብላችሁ አትፍረዱብኝ፤ እናንተም ዛሬ ጠዋት ብቻ ለሁለት ሰው ብላችኋታል። ባለፎቁም ይላታል፣ ለማኙም ይላታል፣ እንደ ሰላምታ ናት። ማንም "ኑሮው ነው እንጂ" ሲባል ቆም ብሎ የሚያስብ የለም። ጋሽ ሙክታር ግን አሰበ።

ሂሩት ልትወልድ ሳምንት ሲቀራት አልጋውን በባጃጅ ጭኖ ራሱ አመጣው። አራት ጎን ነበረው። ሦስቱ እንዳዘዝኩት ነበሩ፤ አራተኛው ግን ከሁሉም የላቀ ነው፤ ጠርዙ ላይ አበባ ፈልፍሎበታል፣ ቫርኒሹ ፊት ያሳያል። ጎረቤቶች ተሰበሰቡ፣ ማሻአላህ ተባለ። ጋሽ ሙክታር በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ትከሻዬን ያዘና፣ "የሰው ልጅ ጎኑ በጎደለ አልጋ አይተኛም። ይቺ ከኔ ናት፣ ለልጅቷ ስጦታ። ችግር ያልፋል፣ አብሽር" አለኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጎረቤቶቼ ሰላም ሲሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ ጀመሩ። አንደኛዋ አንድ ሳህን ሳምቡሳ ላከችልን። እኔስ ምን ልበል? በሰው ፊት የተሰጠ ደግነት እንዲህ በቀላሉ አይመለስም። "ተሳስተሃል፣ ገንዘብ አላጣሁም፣ ስጦታህን ቁረጥልኝ" ቢሉት ምን ዓይነት ሰው ይሆናሉ? አመስግኜ አስገባሁት። ሂሩት ዙሪያውን ዞራ አየችውና፣ "ያምራል። ግን እስር ቤት ነው" አለች። እማማ ዘነበች ደስታቸውን ለመደበቅ አንገታቸውን አቀረቀሩ፤ አልተሳካላቸውም።

ሶልያና የተወለደችው በቀዶ ሕክምና ነው። የተሰፋች አራስ ደግሞ በአራት ጎን አልጋ ላይ ጎንበስ ብላ ልጅ ማንሣት አትችልም። ስለዚህ ሕፃኗ ከሂሩት ጋር፣ እማማ ዘነበች በኔ ቦታ፣ እኔ ግቢ። አልጋው ውስጥ ዳይፐርና የታጠፈ ልብስ ተኛበት። ጎረቤት ሲጠይቀኝ "ሞቆኝ ነው" አልኩ፤ ባልደረባዬ እውነቱን ነበር፣ ይሠራል።

ሰማንያ ቀን እንዲህ ሆነ። እማማ ዘነበች ሌት ተቀን አልደከሙም፤ አጠቡ፣ አሹ፣ አባበሉ፣ ሂሩትን ቀና አደረጉ። ክፉ አልናገርባቸውም። እኔ ግን ከሥራ ስመጣ በሩን ቆርቁሬ ነው የምገባው። "ተኝታለች" እባላለሁ። ቆይቼ ስመለስ "እየጠባች ነው" እባላለሁ። ሲሳካልኝ አምስት ደቂቃ ያስታቅፉኛል፤ ልጄም እጄ ላይ ትቆጣና ትወሰዳለች። እኔም እወጣለሁ። ፊቴን ባታውቀው አይፈረድባትም ነበር።

ክርስትና እንደተነሣች እማማ ዘነበች ሌላዋ ልጃቸው ልትወልድ ስለደረሰች ወደ አዳማ ሄዱ። መናኸሪያ ሸኝቻቸው በቀጥታ ጋሽ ሙክታር ዘንድ ሄድኩና እውነቱን ተናገርኩ፤ ችግር እንዳልነበረብኝ፣ አራተኛው ጎን ለምን ክፍት መሆን እንደነበረበት፣ ሰማንያ ቀን የት እንደተኛሁ። እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ሰማኝ።

"ሦስት ጎን ብለኸኝ ነበር እኮ" አለ። "እኔ ነኝ ያንተን ኪስ ማየት የጀመርኩት።" ቀጥሎም፣ "አንተ ሰው፣ ይህን ለመናገር ሰማንያ ቀን?" አለኝ።

ያኔውኑ መጣ። አበባ የፈለፈለበትን ጎን ፈታው፤ አልጣለውም፣ በማጠፊያ ብረት ወደ ታች እንዲወርድ አድርጎ መልሶ ገጠመው። ሁለቱን አልጋዎች በቀበቶ አሠረ፤ በፍራሾቹ መሐል ጣቱን ለመክተት ሞከረና እምቢ ሲለው ረካ። ልብሱና ዳይፐሩ ወጣ፣ ሶልያና ገባች።

እኔም ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። የመጀመሪያው ቀን የገባኝ ነገር ግን ቀድሞ ሊገባኝ ይገባ የነበረ ነው። የሕፃኗ አልጋ ያለው በሂሩት በኩል ነው። በኔና በልጄ መሐል የምትተኛው ሂሩት ናት። ያን ሁሉ ደክሜ ያገኘሁት የሚስቴን ጀርባ ነው።

ያዳነኝ የድሬ ሙቀት ነው። ሂሩት ፈቃዷ አልቆ ወደ ፋብሪካዋ ስትመለስ ሰርቪሱ ጠዋት ይዟት ሄዶ ማታ ይመልሳታል። የኔ ቢሮ ግን በሙቀቱ ምክንያት የምሳ ዕረፍቱ ረጅም ነው፤ ከከዚራ እስከ ቤቴ ደግሞ የአሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። በየቀኑ መጥቼ ለቀን የቀጠርናትን ሞግዚት አሳርፍና በሂሩት በኩል ጋደም እላለሁ። ቬንቲሌተሩ ይዞራል፤ ልጄ በእጄ ርቀት ላይ ናት። አጥር ሲፈርስ ያልነቃሁት ሰውዬ ሕፃኗ ስትተነፍስ እነቃለሁ፤ ትንፋሿን ዝቅ ስታደርግማ ተነሥቼ እቀመጣለሁ። ሰው እንቅልፉ ከባድ ነው የሚባለው የሚሳሳለት ነገር እስኪያገኝ ነው። ቢሮ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ማንቀላፋት ጀመርኩ፤ ግድም አልሰጠኝም። በአራተኛው ወር ስታየኝ መሳቅ ጀመረች። በአምስተኛው ከሞግዚቷ እጅ ወደኔ መንጠራራት አመጣች። ደስታዬን ለማን ልንገረው? ለጋሽ ሙክታር ነገርኩት፤ "አልኩህ፣ ያልፋል" አለኝ።

እማማ ዘነበች ከአዳማ የተመለሱት በሦስት ወራቸው፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ሳቢያን ቤታቸው እንኳ ሳይገቡ ሻንጣቸውን ይዘው በቀጥታ ወደኛ መጡ። ሂሩት በሩን ከፈተች፤ እኔ ሶልያናን ታቅፌ ቆሜያለሁ። እማማ ሻንጣውን ደፉ ላይ ጥለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

"ነይ የኔ እመቤት፣ ነይ እናቴ።"

ሶልያና አየቻቸው። ከንፈሯን ጣለች፣ ዞራ አንገቴ ሥር ተወሸቀችና አለቀሰች። እማማ ጠጋ ሲሉ ባሰባት፤ ሸሚዜን በሁለት እጇ ጨመደደች። ሰማንያ ቀን ያጠቧት፣ ያሿት እጆች እንደተዘረጉ ቀሩ። ቀስ ብለው አወረዷቸውና በነጠላቸው ላይ ጠረጉ፤ የሚጠረግ ነገር ግን አልነበረባቸውም።

"ረሳችኝ" አሉ።

ልጄ ከሰው ሁሉ ለይታ እኔን እንድትይዝ ስመኝ ኖሬአለሁ። ይኸው ያዘችኝ። ደስ አላለኝም፤ አፈርኩ። እማማ ሻንጣቸውን አነሡና፣ "ደክሞኛል፣ ቤቴ ገብቼ ነገ እመለሳለሁ" አሉ። ነገ ሊመጡ ይችላሉ፤ ግን ነገም ታለቅሳለች፣ ከነገ ወዲያም ታለቅሳለች። የሚመጣና የሚሄድ ሰው አይለመድም፤ የሚለመደው ሲነቁ አጠገብ የሚገኝ ነው።

"እማማ፣ የትም አይሂዱ" አልኳቸው። "እዚሁ ይሰንብቱ፤ ክፍሉ ውስጥ፣ ሕፃኗ አጠገብ፣ እስክትለምድዎ ድረስ።"

"አንተስ የት ትተኛለህ?"

"ለኔ ግቢ አለልኝ።"

በኛ ወግ እንግዳ "አይሆንም፣ አላስቸግርም" ሳይልና ሳይለመን አይቀመጥም። እኔም ለመለመን ተዘጋጅቼ ነበር። እማማ ዘነበች ግን አንዴም እምቢ አላሉም። ጫማቸውን አወለቁና ወደ ልጃቸው ዞረው፣ "ሂሩት፣ ለባልሽ አንሶላ አውጪለት" አሉ።