መብራት ባይሄድ ኖሮ

በዚህ አገር ከጫፍ ደርሶ ያልተመለሰ ሰው የለም። ማትሪክን በአንድ ነጥብ የሳተ፣ ለክለብ ሊመረጥ ሲል ጉልበቱ የከዳው፣ ዲቪ ደርሶት ፖስታው የጠፋበት በየሰፈሩ ሞልቷል። የሐዋሳው ታቦር ሰፈር ግን ሁሉንም የሚያስከነዳ ነበረው፤ ክቡር አቶ መክብብን። አቶ መክብብ በ1991 ዓ.ም. ከባዱን የካሴት ጌም ጨርሰውት ነበር። ማለትም ሊጨርሱት ነበር።

"መብራት ባይሄድ ኖሮ!" ይላሉ።

ይህን ንግግር ከማንም በላይ የሰማችው ሙንተሃ ናት። አባቷ ጨርቅ ይሸጡበት የነበረውን ክፍል ለሁለት ከፍላ ጌም ቤት አድርጋዋለች። አቶ መክብብ ቅዳሜ ከሰዓት ከመዝገብ ቤት ሥራቸው እንደወጡ ኮታቸውን ሳያወልቁ ይመጣሉ። አይጫወቱም። ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ትውልዱን ይታዘባሉ።

"ይሄ ጌም ነው? ኳስ እያለ የኳስ ፊልም! በእኛ ጊዜ ነፍስ ሦስት ነበረች፤ ሦስቷ ካለቀች አለቀ። ካቆሙበት የሚያስቀጥል ሴቭ የሚባል ነገር የመጣ ዕለት ነው ትውልዱ የተበላሸው።"

ይህንኑ በመሥሪያ ቤታቸው የአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ አንስተው ቃለ ጉባኤ ውስጥ ሰፍሮላቸዋል ይባላል። ሰብሳቢው "ገንቢ አስተያየት" ብሎ እንዳለፈውም ይወራል።

በ2008 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ናሆም ፍላሽ ይዞ መጣ።

"ጋሼ መክብብ፣ የእርስዎን ዘመን ጌም አመጣሁልዎት። አዲስ ነው፤ ግን ሆን ተብሎ እንደ ድሮው የተሠራ ነው።"

አቶ መክብብ ፍላሹን ተቀበሉ፤ ከመመለሳቸው በፊት እንደ ካሴት ጊዜው እፍ አሉበት። አንዲት ጠብታ ምራቅ ያረፈችበትን ፍላሽ ናሆም በሸሚዙ ጠርጎ ሰካው።

ጢጥ ጢጥ የሚል ሙዚቃ ተነሣ። ከአራት ማዕዘን ነጠብጣብ የተሠራ አጭር ሰውዬ በጡብ ላይ ይዘል ጀመር። የአቶ መክብብ ዓይን እርጥብ አለ።

"አቧራ ነው" አሉ። ከዚያ ጆይስቲኩን ሳይነኩ ፍርዳቸውን ሰጡ፦ "ደመናው በዝቷል። ዝላዩ ቀሏል፤ የእኛ ሰውዬ ክብደት ነበረው። ሙዚቃውስ ይሁን፣ ግን የእኛ ሦስት ቀን ከጆሮ አይወጣም ነበር።"

"እስቲ አንዴ ያሳዩን" አለ ናሆም።

በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ኳሱ ቆመ፤ ቤቱ ሁሉ ዞረ። እምቢ ማለት አይቻልም።

የመጀመሪያዋን ነፍስ የመጀመሪያው ገደል በላት። "እየለካሁት ነው" አሉ። ሁለተኛዋን ቀንዳም ጥንዚዛ ወጋት። "ጆይስቲኩ ላብ አለው።" በሦስተኛዋ ከሰፊው ገደል አፋፍ ቆመው ሲያመነቱ መብራት እልም!

አቶ መክብብ ተነሡ። መብራት ሲጠፋበት ፊቱ እንዲህ የሚፈካ ሰው ሙንተሃ አይታ አታውቅም። "መብራት ባይሄድ ኖሮ!" እያሉ በር ደረሱ።

መብራት ሲሄድ ሳምንት የሚቆይበት ሰፈር ነው፤ ያን ቀን ግን በአራት ደቂቃ ተመለሰ። ናሆም ጌሙን ከፈተ። አጭሩ ሰውዬ እዚያው ገደል አፋፍ፣ ከነአንዲት ነፍሱ ቆሟል።

"ጋሼ፣ ይሄኛው ራሱ ሴቭ ያደርጋል።"

አቶ መክብብ ተመልሰው ተቀመጡ። አንዱ ተማሪ ሞባይሉን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። ጆይስቲኩን ይዘው፣ ሳይጫኑት፣ ወደ በሩ ሲመለከቱ ሙንተሃ አየቻቸው። ሰውየው ቤት የለው፣ መኪና የለው፣ ሹመት የለው። ያለው ያ ያልተጨረሰ ጌም ብቻ ነው፤ እሱም ሊወሰድበት ነው።

ያኔ፣ በ1991፣ አቶ አልነበረም። መክብብ ነበር፤ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ። የሰፈሩ ወንዶች ሁሉ በእነመክብብ ቴሌቪዥን ፊት ሲጋፉ ሙንተሃ በር ላይ ትቆማለች። "ሴት ከነካችው ካሴቱ ይቃጠላል" ይሏታል። መክብብ ግን ሁልጊዜ ሁለቱን ነፍስ ተጫውቶ ጆይስቲኩን ወደ በሩ ይዘረጋል። "ሦስተኛዋ የሙንተሃ ናት" ይላል።

የመጨረሻው ስቴጅ ላይ የደረሱ ዕለትም እንዲሁ አደረገ። ወንዶቹ እየጮኹ፣ ሙንተሃ ቸኩላ ዘለለች። ሰውዬው ወደ ገደሉ መውረድ ከጀመረ በኋላ ነው መብራት የሄደው። ይህን ያዩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ወንዶቹ አፋቸውን ሊከፍቱባት ሲሉ መክብብ ቀደማቸው፦ "መብራት ባይሄድ ኖሮ ታልፈው ነበር!"

ዓመታት ሲያልፉ ከወሬው ውስጥ እሷ ወጣች፤ እሱ ብቻ ቀረ። አንድም ቀን ግን "ሙንተሃ ናት የጣለችኝ" አላለም።

ሙንተሃ ወደ ግድግዳው ተጠጋች፤ የቆጣሪውን ማጥፊያ ወደ ታች ሳበችው።

"ደግሞ ሄደ!" አሉ ልጆቹ። ናሆም በመስኮት አጮለቀ። "ማዶ የይልማ ፀጉር ቤት ግን አለ እኮ። ሙዚቃው ይጮሃል።"

"የእኛ መስመር ሌላ ነው" አለች ሙንተሃ።

መክብብ ፀጉር ቤቱን አየ። ከዚያ ቆጣሪውን፣ ከዚያ እሷን። ኮቱን አስተካክሎ በር ላይ ሲደርስ ግን ዞረ።

"መብራት ባይሄድ ኖሮ!"

"ታልፈው ነበር" አለች። "እኔ ምስክር ነኝ።"

የተሳፈረበት ባጃጅ እስኪታጠፍ ጠብቃ መብራቱን መለሰችው። ናሆም ጆይስቲኩን ሊያነሳ ሲል እጁን መታ አደረገችው።

"ሦስተኛዋ የእኔ ናት።"

ተቀመጠች። ኋላ ሄደች፣ ተንደረደረች፣ አልቸኮለችም፣ ዘለለች። አጭሩ ሰውዬ ማዶ አረፈ።

"ሙንተሃ! ማን አስተማረሽ?" አለ ናሆም አፉን ከፍቶ።

"መክብብ" አለች፤ ዓይኗን ከጌሙ ሳታነሳ።