ስልሳ አንገት ያለው ቲሸርት

ትናንት ሕልም አየሁ። በሕልሜ ሽበታም መሐንዲሶች ዲግሪያቸውን ጉያቸው ውስጥ ወሽቀው ረጅም ሰልፍ ይዘዋል፤ ጀማሪዎች እንዲመርጧቸው ደጅ ይጠናሉ። እኔም ከሰልፉ መጨረሻ ቆሜ ተራዬን እጠብቃለሁ።

ሕልሙን ከመቀጠሌ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ለምን እንዳየሁ ልናገር። ዘርጋው እባላለሁ። መባቻ የሚባል የቀን መቁጠሪያ ፕሮግራም ሠርቻለሁ። የእኛን ቀን ወደ ፈረንጅ፣ የፈረንጁን ወደ እኛ ይመልሳል፤ ጾምና በዓል መቼ እንደሚውል ይናገራል። ፋርማሲው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ዕቁብ ሰብሳቢው ሁሉ ይጠቀምበታል። ኦፕን ሶርስ ነው። ማንም ሰው በነፃ ይወስደዋል፣ ኮዱን ማንም ከፍቶ ያያል፣ ማሻሻያም ማንም መላክ ይችላል ማለት ነው። መውሰዱን ሁሉም ያውቅበታል። ማሻሻያ የሚልክ ግን ጠፋና ሰባት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ተሸከምኩት። በየመስከረሙ አንዱ ይደውልና «ጋሼ፣ ፕሮግራምዎ ጳጉሜን ዘሏታል» ይለኛል። እኔም እነሳና አስተካክላለሁ። ደክሞኛል። አሠራሩን ቁጭ ብዬ የማሳየው፣ ሲገባው የፕሮግራሙን ቁልፍ የሚረከበኝ አንድ ሰው ባገኝ ሌላ ምንም አልፈልግም።

ለዚህ ነው የኦፕን ሶርስ ሠሪዎች ማኅበራችን አዲስ ገቢዎችን ከነባሮች ጋር እያጣመረ የሚያለማምድ የሙከራ ፕሮግራም እናቅድ ሲል ከሁሉ ቀድሜ እጄን ያወጣሁት። ከዚያ ዕቅዱ ኮሚቴ እጅ ገባ። እኔ በሁለት ጀማሪ እንሞክረው ባይ ነኝ። ኮሚቴው ስልሳ ይላል፤ ስልሳ ባነር ላይ ሲጻፍ ያምራል። ባለፈው ዓመት ብዙ ልጆች በአንዴ ጠርተን፣ ጥያቄያቸውን የሚመልስ ጠፍቶ፣ አንድ በአንድ ተመልሰው እንደሄዱ ሁላችንም እናውቃለን። ይህን በስብሰባ ላይ ልናገር እልና ይሉኝታ ይይዘኛል። እስካሁን «ሁለት» ያልኩት በሆዴ ነው።

ወደ ሕልሜ ልመለስ።

ሰልፉ የቀበሌ አዳራሽ በር ላይ አደረሰኝ። የዕለቱ የክብር እንግዳ ከሁሉ ቀድመው መጥተው ወንበር ይደረድራሉ። እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ክራቫታቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ላብ በላብ ሆነዋል።

«ክቡርነትዎ፣ ይተዉት፣ እኛ እንደረድራለን» አልኳቸው።

«ኧረ እናንተ ጀምሩ፣ እኔን አትጠብቁ። ንግግርም የለኝም» አሉና መወልወያ አነሱ።

ንግግር የሌለው የክብር እንግዳ ሳይ ሕልም መሆኑን ማወቅ ነበረብኝ። አላወቅሁም።

መድረኩ ላይ ስልሳ ጀማሪዎች ቆመዋል። ሁሉም የለበሱት አንድ ቲሸርት ነው። ለስልሳ ሰው አንድ ቲሸርት ታትሞ ስልሳ አንገት ወጥቶለታል። አንዱ ሲያስል ስልሳው ይነቃነቃል። ከዳር ያለው ሽንት ቤት ሲያምረው ሁሉም ተያይዘው ይሄዳሉ፣ ሁሉም ቆመው ይጠብቁታል፣ ሁሉም ተያይዘው ይመለሳሉ። ቀለሙ ውኃ ሰማያዊ ነበር። ኮሚቴያችን በእውኑ ዓለም ሁለት ስብሰባ ሙሉ የተከራከረበት ቀለም ነው፤ ሕልሜ ውስጥ ገብቶ ማየቴ አናደደኝ።

ከመሐላቸው አንዷ ጠራችኝ። ማሕደር ትባላለች፤ ከአርባ ምንጭ የመጣች የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት፣ የጀማሪዎቹም ሰብሳቢ እሷ ናት። በደህናው ቀን እንዲህ ያለች ልጅ ጋሼ ነው የምትለኝ። በሕልሜ ግን እኔ አንቱ እላታለሁ፣ እሷ አንተ ትለኛለች።

«የማታውቀው ምንድን ነው?» አለችኝ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«የሰባት ዓመት ልምድ አለኝ፣ እመቤቴ።»

«እሱን ማን ጠየቀህ? የማታውቀውን ንገረን።»

«የዘመን አቆጣጠር ስሌት አውቃለሁ። ኮድ መጻፍም በሦስት ቋንቋ...»

«ዜሮ፣ ዜሮ» አለች ከጎኗ ወዳለው አንገት ዞራ። «የማያውቀውን የማያውቅ ሰው እኛን ምን ያስተምረናል?»

ደነገጥኩ። ይህን ቦታ ካጣሁ ቁልፉን የሚረከበኝ ሰው አላገኝም፣ ዕድሜ ልኬን የጳጉሜ ጠባቂ ሆኜ መቅረቴ ነው። ጨንቆኝ ያለ የሌለውን አእምሮዬን ፈተሽኩ።

«ጳጉሜ ስድስት ቀን ስትሆን ፕሮግራሜ ለምን እንደሚያስነጥሰው አላውቅም» አልኩ በመጨረሻ።

ስልሳው አንገት እርስ በርሱ ተያየ።

«ይሄ ሰው ተስፋ አለው» አለች ማሕደር። ከዚያ በኋላ ነው ሰላምታው የጀመረው። «ለመሆኑ ደህና ነህ? ቤተሰብ እንዴት ነው? ጤናስ? ሥራስ? ዝናቡ እንዴት አደረጋችሁ?» እያለች፣ ሌሎቹን አንገቶች እየጎተተች እስከ በር ሸኘችኝ።

እኔ የለመድኩት ተቃራኒውን ነው። አዲስ ገቢ ልጅ በስልኬ «ሰላም ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ?» ብሎ ይጽፍልኛል። «ደህና፣ ምን ልርዳህ?» እለዋለሁ። «እግዚአብሔር ይመስገን» ይለኛል። በማግስቱም «ሰላም ጋሼ» ይላል። ጥያቄውን ሳይጠይቀኝ፣ እኔም ሳልመልስለት፣ እንደተከባበርን እንለያያለን።

በሩን ከፍቼ ስወጣ የገባሁት ሌላ ቢሮ ውስጥ ነው። ወንበሩ ላይ መነጽር ያደረገች ደንዳና ሴትዮ ተቀምጣለች። ወዲያው አወቅኋት፤ የገዛ ፕሮግራሜ ናት፣ መባቻ። ከኋላዋ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፤ ወሩ ሁሉ ጳጉሜ ነው።

«ከጳጉሜ ቀጥሎ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ጳጉሜ። ደሞዝ የሌላት ወር አይደለች? በነፃ ለሚሠራ ሰው ሌላ ወር ምን ያደርግለታል?»

ሰባት ዓመት እኔ እሷን ሳርም ኖሬ ያን ቀን እሷ እኔን ልታርም ነው። ጠረጴዛው ላይ አጋደመችኝና ቀይ እስክሪብቶ አነሳች።

«ይሄ ጉልበት ምን ይሠራል?»

«መሄጃዬ ነዋ።»

«ሰባት ዓመት ስትቀመጥበት ነው ያየሁት። ሥራ የሌለው ነገር ቦታ አይይዝም፣ ይሰረዝ።»

«ኧረ በሥላሴ!»

«ሆዱ ደግሞ ሁለት ጊዜ ተጽፏል፣ አንዱ ይበቃል።»

ስለ ሆዴ የምከራከርበት ነገር አልነበረኝም። ወደ ላይ ወጣችና አፌን አስከፈተችኝ። ምላሴን ስታየው ቆየች።

«እዚህ ጋ ምንድን ነው የተጻፈው? እሺ፣ እሺ፣ ችግር የለም፣ እሺ፣ ደስ ይለኛል፣ እሺ። ዋናው ስህተት ይሄ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው። ይሄን ሳታስተካክል ሰው ላለማምድ እንዳትል!»

ምላሴ ላይ ማኅተም መታችና በመስኮት ወረወረችኝ።

ያረፍኩት አደባባይ ላይ ነው። መኪናው ሁሉ ወደ ኋላ ይነዳል፣ እግረኛው ጥሩምባ ይነፋል፣ ታክሲዎቹ ረዳቱን አስቀምጠው ተሳፋሪውን በር ላይ አንጠልጥለዋል። አንድ ትራፊክ ፖሊስ ፊሽካውን ነፍቶ አስቆመኝ።

«እሺ የምትለው ሰውዬ አንተ ነህ?»

«እሺ... ማለቴ፣ አዎ።»

«ፊቴ ላይ ደገምከው! ቅጣትህ እዚሁ ቆመህ እምቢ ማለት ነው። ሻይ ትጠጣለህ?»

«አይ፣ አመሰግናለሁ።»

«በሞቴ!»

«እንግዲህ ካልክ...»

ፊሽካው ጆሮዬን ሊያፈርጠው ነበር። «ይሄ እምቢታ ነው? ይሄ እስክትለመን መግደርደር ነው! እንደገና! ሻይ ትጠጣለህ?»

«አልጠጣም።»

«አፈር ስሆን!»

«አልጠጣም።»

«እኔ ልሙትልህ!»

«አልጠጣም አልኩህ፣ ሰውዬ!»

ፖሊሱ እንባ አቀረረ። «ጎሽ! ጎሽ የኔ ወንድም! በል እለፍ» ብሎ የመኪናውን መዓት አስቆመልኝ። በተሰረዘ ጉልበቴ እየሮጥኩ አደባባዩን ተሻገርኩና አዳራሹ ውስጥ ገባሁ።

ወንበሩ ሁሉ ሞልቷል። ሽበታሞቹ መሐንዲሶች መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የክብር እንግዳው መወልወያውን ተደግፈው ከጥግ ቆመዋል። ማሕደር ከቲሸርቱ ውስጥ ቀና ብላ አየችኝ።

«አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረ» አለች። «ስልሳችንንም ብቻህን ትይዘናለህ?»

እንደ ልማዴ «እሺ» አፌ ላይ መጣች። ዋጥኳት፤ እንደ ደረቅ ኪኒን እየጎረበጠችኝ ወረደች።

«እምቢ!» አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። «እምቢ፣ አልችልም። ስልሳችሁን ከያዝኩ ስልሳችሁንም ነው የምጥላችሁ። ሁለት ሰው ስጡኝ። አጠገቤ ቁጭ ብለው፣ ሲሳሳቱ አይቻቸው፣ እኔም ስሳሳት አይተውኝ፣ እንዲህ አድርገን እንሞክረው። ሌሎቻችሁን ሌላ ሰው ይያዛችሁ፤ ሰው እስኪገኝ ደግሞ ቆዩ። ጠርተን ዝም ከምንላችሁ ባንጠራችሁ ይሻላል!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የክብር እንግዳው መወልወያቸውን ጥለው አለቀሱ። መሐንዲሶቹ ዲግሪያቸውን ወደ ጣራ ወረወሩ። ቲሸርቱ በአንድ ጎኑ ጠርር ብሎ ተቀደደና ማሕደርና አንዲት ጓደኛዋ ከውስጡ ወጡ።

«እኛ ሁለታችን እንጀምራለን» አለች ማሕደር። «ሲገባን ደግሞ እኛ ሌሎቹን እንይዛለን። በል ቁልፉን ስጠንና ሂድ ተኛ።»

ቁልፉን ሰጠኋት። በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ ቀሎኝ አያውቅም። አቅፌያት አለቀስኩ። ሰባት ዓመት የት ነበራችሁ እያልኩ አለቀስኩ። ጭብጨባው እየጨመረ፣ እየጨመረ ሄደና ጆሮዬ ሥር መጣ።

ዓይኔን ገለጥኩ። ጭብጨባው አላቆመም። የሚመጣው ከላፕቶፔ ነው። ስክሪኑ ላይ ዘጠኝ የኮሚቴ አባላት በየሳጥናቸው ውስጥ ሆነው ያጨበጭባሉ። ከምሳ በኋላ የተጀመረው የዕቅድ ስብሰባችን ነበር፤ እኔ ከእነካሜራዬ ተኝቼ ኖሯል።

«ዘርጋው፣ እግዜር ያክብርልን!» አለች ሊቀመንበራችን ፍሬሕይወት። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ምን... ምኑን?» አልኩ አገጬን እየጠረግሁ።

«ስልሳውንም ዘርጋው ብቻውን ይያዝ የሚል ሐሳብ ሲመጣ ተቃውሞ ካለህ ብዬ ጠየቅሁህ፤ ዝም አልክ። ከብዶህ እንዳይሆን ብዬ ደግሜ ጠየቅሁህ። ዓይንህን ጨፍነህ፣ አንገትህን ደፍተህ፣ ቀስ ብለህ ራስህን ነቀነቅህ።»

«እንደዚህ ያለ ትሕትና እኔ አይቼ አላውቅም» አለ የሕዝብ ግንኙነታችን ቢልልኝ። «ያንተን ፈቃደኝነት አይተን ቁጥሩን መቶ ሃያ አደረግነው። ማስታወቂያውን አሁን ለቅቄዋለሁ፣ ስልክህም አለበት። ሰኞ ይጀመራል።»

መቶ ሃያ። ባለፈው ዓመት የሄዱት ልጆች ትዝ አሉኝ፤ እነዚህም በኔ እጅ ሊሄዱ ነው።

«ቅር የሚልህ ነገር ካለ ግን አሁኑኑ ተናገር፤ ነፃ ውይይት ነው» አለች ፍሬሕይወት።

ወንበሬ ላይ ቀና አልኩ። አፌን ከፈትኩ። ዘጠኙም ፈገግ ብለው ያዩኛል።

«ኧረ ምንም ቅር አይለኝም» አልኩ፤ «እንዲያውም ስላሰባችሁኝ አመሰግናለሁ።»