አቤቱታ በሸሚዝ ቁልፍ

(የልብስ ስፌት ቤት የኋላ ክፍል። ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር የጠመኔ ክብና ቀስት ብቻ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሦስት አፈ ሰፊ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። ሠራተኛው ሁሉ «ሊቁ» የሚለው የስፌት ቤቱ አለቃ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ጠመኔ ይዞ ይንጎራደዳል። ልብስ ተኳሹ «ካውያው» ግድግዳውን ተደግፏል። የቤቱ ባለቤት የሊቁ ታላቅ እህት ናት። ትምህርት ቤት ያዘዘው የተማሪዎች ሸሚዝ እስከ እኩለ ቀን ካልደረሰ ከአለቅነት አውርዳ ካውያ እንደምታስይዘው ማለዳ ነግራዋለች።)

ሊቁ፦ ከግድግዳው ተነስ። ቀስቴን በጀርባህ ጠረግከው።

ካውያው፦ የትኛውን ጋሼ?

ሊቁ፦ ከ«ድካም» ወደ «ስንፍና» የሚሄደውን።

ካውያው፦ ይቅርታ። ሸሚዜን አውልቄ መልሰን እንለጥፈው?

ሊቁ፦ ዝም ብለህ ቁም። ይኸውልህ፣ ሌላ አለቃ ሥራ ሲቆም አንዱን ምስኪን ጠርቶ ይሰድባል። እኔ ሰው አልሰድብም።

ካውያው፦ ትናንት አህያ ብለውኛል።

ሊቁ፦ እሱ ስድብ አይደለም፤ ዳታ ነው። እኔ የማየው ሲስተሙን ነው። አንዱ ችግር ሌላውን ይጎትታል፣ ያም ሌላውን፣ ዞሮ ዞሮ መነሻው ጋ ይመለሳል። ገባህ?

ካውያው፦ ገባኝ። እንደ ባለቤቴና እንደ እናቷ።

ሊቁ፦ (ንዴቱን እየዋጠ) ለዚህ ነው ጠርሙሶቹን ያስቀመጥኩት። ሥራ በቆመ ቁጥር እያንዳንዱ ሠራተኛ ከመሳቢያው አንድ የሸሚዝ ቁልፍ ያነሳል። መርፌ ከተሰበረ እዚህ ይጥላል፣ መብራት ከጠፋ እዚህ፣ ጥፋቱ የአለቃ ከሆነ እዚህ ሦስተኛው ውስጥ። የቃል አቤቱታ ከልክያለሁ። አፍ ያጋንናል፣ ቁልፍ አያጋንንም።

ካውያው፦ ጋሼ፣ የቁልፍ ነገር ከተነሳ አይቀር፣ እኔ...

ሊቁ፦ በቃል አይሆንም አልኩህ እኮ።

ካውያው፦ እሺ ጋሼ።

(ኪሱን ይዳብስና አንድ ትልቅ ቡናማ ቁልፍ አውጥቶ ሦስተኛው ጠርሙስ ውስጥ ይከታል። ጠርሙሱ እስከ አፉ ስለሞላ በአውራ ጣቱ ይጠቀጥቀዋል።)

ሊቁ፦ ቆይ፣ ቡናማ? እስከ ዛሬ ነጭ ነበር። (ግድግዳው ላይ እየጻፈ) «ቅሬታው... ቀለም... ለወጠ»። አየህ? ይሄን ተራ ሰው አያየውም።

ካውያው፦ ሦስተኛው የሞላው ግን ለምን ይሆን?

ሊቁ፦ ፍቅር ነው። ሠራተኛው አለቃውን ከመርፌ አብልጦ ያስባል ማለት ነው።

ካውያው፦ እኔማ በጣም ነው የማስብዎት።

ሊቁ፦ በል አሁን ስለ ሸሚዞቹ ንገረኝ። እህቴ መድረሷ ነው። ተሰፍተዋል?

ካውያው፦ ተሰፍተዋል።

ሊቁ፦ ተተኩሰዋል?

ካውያው፦ ሁለት ሁለት ጊዜ። ሌላ ሥራ አጣሁ።

ሊቁ፦ ታዲያ ምን ቀረ?

(ካውያው ኪሱን ይዳብሳል፤ ባዶ ነው።)

ሊቁ፦ ተናገር እንጂ።

ካውያው፦ በቃል ይፈቀድልኛል?

ሊቁ፦ አንዲት ቃል ብቻ።

ካውያው፦ ቁልፍ።

ሊቁ፦ አዎ፣ ቁልፉ ዳታው ነው። ሸሚዙን ነው የጠየቅኩህ።

ካውያው፦ እኔም ሸሚዙን ነው ያልኩት። ደረቱ ክፍት ነው። መሳቢያው ባዶ ነው። ሥራ ቆመ፣ ሰው ቁልፍ ጣለ። ቁልፍ ሲያንስ ሥራ ባሰበት። ሲብስበት ሰው ደግሞ ጣለ።

ሊቁ፦ ከጠርሙሱ አውጥታችሁ አትተክሉም ነበር?

ካውያው፦ ዳታ የነካ ይባረራል ብለው የለ።

(ሊቁ ወደ ግድግዳው ይዞራል። «ሸሚዝ» ብሎ ይከብባል፣ ወደ «ጠርሙስ» ቀስት ይስባል፣ ከጠርሙሱ ወደ መሳቢያው፣ ከመሳቢያው መልሶ ወደ ሸሚዙ። ቀስቱ ሲገጥም ጠመኔው እጁ ላይ ይሰበራል። በሕይወቱ የሳለው የመጀመሪያው ትክክለኛ ክብ ይህ ነው።)

ሊቁ፦ አንተ ሰው፣ ቀደም ብለህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

ካውያው፦ ነግሬዎት ነበር። በየቀኑ። (ሦስተኛውን ጠርሙስ ያቅፋል) ይሄ ሁሉ እኮ ንግግሬ ነው።

(ከውጭ የሴት ጫማ ኮቴ ይሰማል። ሊቁ አገጩን ቀና አድርጎ እጁን ኮቱ እጅጌ ውስጥ ያስገባል፤ ሊቆልፍ ጣቶቹን ወደ ደረቱ ይልካል። ጣቶቹ ወርደው፣ ወጥተው፣ ምንም አያገኙም። ጠርሙሱ አፍ ላይ ያለውን ቡናማ ቁልፍ ያያል፤ ኮቱን ያያል።)

ሊቁ፦ የኔ ነው?

ካውያው፦ ነጩ አለቀ። ጠዋት ልብስዎን ስተኩስ ደግሞ ብዙ አቤቱታ ነበረኝ።

ሊቁ፦ ብዙ ስትል?

ካውያው፦ ቀበቶዎን ብቻ አይፍቱት ጋሼ።

(በሩ ይከፈታል። እህቱ ግድግዳውን ታያለች፣ ጠርሙሶቹን ታያለች፣ በአንድ እጁ ኮቱን በሌላው ቀበቶውን ጨምድዶ የቆመውን ወንድሟን ታያለች። የተኳሹን የልብስ ካውያ ከጠረጴዛው አንስታ ለወንድሟ ትዘረጋለች። የሚቀበልበት እጅ የለውም።)

ካውያው፦ ትንሽ ይታገሱት እትዬ። መጀመሪያ ቁልፍ ይተከልለት።