ቢቸናን ወደ ሞጣ፣ ሞጣን ወደ ቢቸና ስለማዞር

ነገሩ የተበላሸው ማክሰኞ የካቲት 17 ቀን 2007 ዓ.ም. ከረፋዱ 4 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ላይ ነው። በዚያች ደቂቃ የማኅበሩ ድረ ገጽ በሁለቱም አድራሻዎቹ መከፈት አቆመ። ይህ ስብሰባ የተጠራው ግን ድረ ገጹን ለማስከፈት ሳይሆን ማን እንደዘጋው ለመወሰን ነው። ጸሐፊዋ ይህን ከሁሉ አስቀድማ የጻፈችው ኋላ ላይ ቦታ ስለማይገኝለት ነው።

ቀን፦ ቅዳሜ የካቲት 21 ቀን 2007 ዓ.ም.

ቦታ፦ ደብረ ወርቅ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለ ምግብ ቤት። የቢቸና አባላት ሞጣ ሄደው፣ የሞጣ አባላትም ቢቸና ሄደው እንደማይሰበሰቡ ዓምና በጽሑፍ ስላስታወቁ መካከል ላይ ተመርጧል። መካከሉ በትክክል መካከል አለመሆኑን ወ/ሮ ወይንእሸት አስመዝግበዋል።

ሰዓት፦ የተጠራው ለ3 ሰዓት፣ የተጀመረው 4 ሰዓት ከ35። ለመዘግየቱ ዕለቱ ማርያም መሆኑ በምክንያትነት ቀርቧል። ቤተ ክርስቲያን ያደሩት መሪጌታ ብቻ ሲሆኑ በሰዓቱ የተገኙትም እርሳቸው ብቻ ናቸው።

የተገኙ አባላት፦
1. አቶ ሽታሁን ባንተአምላክ፣ ሰብሳቢ፣ ከቢቸና፣ ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር
2. መሪጌታ አካለ ወልድ፣ ምክትል ሰብሳቢ፣ ከሞጣ፣ የቅኔ መምህር
3. ወ/ሮ ወይንእሸት ታዘበው፣ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ፣ ከሞጣ፣ የሆቴል ባለቤት
4. መምህር ሰማው ፈንታዬ፣ የቴክኒክ አማካሪ፣ ከቢቸና። የሰብሳቢው የእኅት ልጅ መሆናቸው ከሹመታቸው ጋር ግንኙነት እንደሌለው ከዚህ ቀደም በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።
5. ወ/ሪት ትህትና ይግዛው፣ ጸሐፊና የድረ ገጹ ሠራተኛ፣ ከመርጡለ ማርያም። በኢንፎርሜሽን ሳይንስ በማዕረግ የተመረቀች፤ ለሦስት ወር ተብላ በጊዜያዊነት ከተቀጠረች አንድ ዓመት ከአራት ወር የሆናት።

ከአምስት አባላት አምስቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

የጉዳዩ መነሻ

ማኅበሩ የሁለቱን ከተሞችና የዙሪያቸውን ችግረኛ ተማሪዎች ይረዳል። ተማሪዎች የሚያመለክቱት በድረ ገጹ ላይ ባለው ቅጽ ነው። ምዝገባው የካቲት 30 ያበቃል። አድራሻው መጀመሪያ «ቢቸናሞጣ ዶት ኦርግ» ነበር። ሞጣ ለምን ኋላ መጣች የሚል ቅሬታ ስለተነሳ «ሞጣቢቸና ዶት ኦርግ» የሚል ሁለተኛ አድራሻ ተገዛ። ጸሐፊዋም ሁለተኛውን ወደ መጀመሪያው አዞረችው፤ በፈረንጅኛ «ሪዳይሬክት» ይሉታል። ሁለተኛውን የጻፈ ሰው ሳይንገላታ ወደ መጀመሪያው ይሻገራል፤ ቅጹን ይሞላል፤ ይሄዳል። ስምንት ወር ሙሉ ከኮሚቴው ማንም ቅር አላለውም፤ ከኮሚቴው ማንም ድረ ገጹን ከፍቶ አያውቅምና።

በዘጠነኛው ወር ወ/ሮ ወይንእሸት ከፈቱት። የካቲት 14 በተደረገው ስብሰባም፣ «ሞጣቢቸና ብዬ ጻፍኩ፤ ዓይኔ እያየ ቢቸናሞጣ ሆነብኝ! ሞጣ ብሎ የተሳፈረን ሰው ቢቸና ማውረድ ምን ይባላል? ጠለፋ ነው!» ሲሉ አመለከቱ። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ከተሞቹ እኩል በመሆናቸው፣ ሞጣቢቸና ወደ ቢቸናሞጣ እንዲዞር፣ ቢቸናሞጣም ወደ ሞጣቢቸና እንዲዞር ተወሰነ።

ጸሐፊዋ ተቃወመች። «ተሳፋሪው ቢቸና ሲደርስ ‘ሞጣ ሂድ’ ይባላል፤ ሞጣ ሲደርስ ‘ቢቸና ሂድ’ ይባላል፤ የትም አይወርድም» ስትል አስረዳች። ወ/ሮ ወይንእሸት ሞጣ ሲደርስ ምሳውን በልቶ መሄድ እንደሚችል ጠቆሙ። ሰብሳቢው ሾፌሩ ማን እንደሆነ ጠየቁ። ቀጥለውም፣ «ልጄ፣ አባትሽ ትህትና ያሉሽ ያለ ምክንያት አይደለም፤ እንደ ስምሽ ሁኚ» ሲሉ መከሩ። ጸሐፊዋ በእጄ አልሠራውም በማለቷ የይለፍ ቃሏን በታሸገ ፖስታ ለመምህር ሰማው እንድታስረክብ ተወሰነ። አስረከበች። ከላይ የተጠቀሰችው ማክሰኞ መጣች። ኮምፒውተሩ ገጹ ከልክ በላይ እየዞረ መሆኑን አስታውቆ ተወው።

አጀንዳ አንድ፦ «ሪዳይሬክት» በአማርኛ ምን ይባል?

መሪጌታ «ማዞር» የሚለው ቃል የአዚም ሽታ እንዳለው፣ ልብ የሚያዞር ደብተራ እንጂ ማኅበር እንዳልሆነ ገልጸው፣ ከግእዝ «መራሒ» ይባል አሉ። ሰብሳቢው «መራሒ» መሪ ማለት ከሆነ መሪ ተመርጦ ያለ በመሆኑ ሌላ መሪ በመስመር ላይ መሾም እንደማይቻል ተናገሩ። መምህር ሰማው «ሪዳይሬክተር» ይባል አሉ። የሚዞረው ሁሉ ቆሞ ሳለ የሚጠራበት ስም ምን ያደርጋል ስትል ጸሐፊዋ ጠየቀች፤ ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ሆኖ ተገኘ። አርባ ደቂቃ ከፈጀ ውይይት በኋላ ቃሉ እንዲጠና ተወሰነ።

አጀንዳ ሁለት፦ የፊደል እኩልነት

ወ/ሮ ወይንእሸት በፈረንጅ ፊደል ቢቸና ሰባት፣ ሞጣ ግን አራት ፊደል ብቻ እንደሆነች በጣታቸው ቆጥረው አሳዩ። «የኛ ቲ ምን አነሳት? ሞጣ ስትባል ጠበቅ ነው የምትባለው!» በማለት ቲ ሦስት ጊዜ እንድትጨመርና ሁለቱ ከተሞች በሰባት በሰባት እንዲተካከሉ ሐሳብ አቀረቡ። አራት ቲ የሚጽፍ ተማሪ ከየት እንደሚገኝ ጸሐፊዋ ጠየቀች። ወ/ሮ ወይንእሸት «አንቺ መርጡለ ማርያም ሆነሽ የኛ ቲ ምንሽ ነው?» ሲሉ መለሱ። መምህር ሰማው ከቴክኒክ አንጻር ቲ መብዛቱ ድረ ገጹን እንደሚያፈጥነው አረጋገጡ። ባለ አራት ቲ አድራሻ እንዲገዛ በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ። ጸሐፊ ትጽፋለች እንጂ ድምፅ ስለሌላት አልተቆጠረችም።

አጀንዳ ሦስት፦ ጥፋቱ የማን ነው?

መምህር ሰማው በመጀመሪያ ጥፋቱ የኔትወርክ ነው አሉ። ቆይተው የመብራት አሉ። በመጨረሻ ከኪሳቸው የታተመ ወረቀት አወጡ። ወረቀቱ ከድረ ገጹ መዝገብ የተወሰደ ሲሆን «ለውጡን ያደረገው፦ ትህትና» ይላል። ጸሐፊዋ፣ መምህሩ የገቡት በእርሷ ቃል ስለሆነ መዝገቡ የሚያውቀው ቁልፉን እንጂ እጁን እንዳልሆነ ተናገረች። መምህሩ የገቡት ለማየት ብቻ እንደሆነ መለሱ። ምን አዩ ተብለው ሲጠየቁ «ብዙ ነገር» ብለዋል።

በዚህ ጊዜ ሰብሳቢው ከቦርሳቸው ደብዳቤ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። የጸሐፊዋ የቋሚ ቅጥር ደብዳቤ ነው። ማኅተሙ ተደርጎበታል፤ የቀረው ፊርማቸው ነው። «ልጄ፣ እኔ ክፉ አልመኝልሽም። ስህተቱ የኔ ነው ብለሽ በቃለ ጉባኤው ላይ ጻፊና ፈርሚ፤ እኔም እዚህ እፈርማለሁ። ማን ያነበዋል ብለሽ ነው?» አሉ። ጸሐፊዋ፣ ማንም የማያነበው ከሆነ ለምን መጻፍ እንዳስፈለገ ጠየቀች። ደብዳቤው ወደ ቦርሳው ተመለሰ።

ከአጀንዳ አንድ ወዲህ ቆሎ ይዘው የቆዩት መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠርገው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ተናገሩ፦ «ጥፋቱ የሰማው ነው።»

ወ/ሮ ወይንእሸት ሳቁ። ሰብሳቢው «የኔታ፣ ስም ነው ወይስ ግሥ?» ሲሉ ጠየቁ። መሪጌታ እርሳቸው መናገራቸውን፣ መፍታት የጉባኤው ፋንታ መሆኑን አስታወቁ። መምህር ሰማው ግሥ ነው፣ ነገሩን የሰማ ሰው ማለት ነው አሉ። ወ/ሮ ወይንእሸት «ስም ነው እንጂ! እዚህ ተቀምጦ የለም እንዴ ስሙ?» አሉ። ከሃያ አምስት ደቂቃ ክርክር በኋላ በሁለት ድምፅ ለአንድ፣ መሪጌታ ድምፅ ሳይሰጡ፣ ቃሉ ግሥ ሆኖ እንዲመዘገብ ተወሰነ።

መምህር ሰማው ወዲያው የማጠቃለያ ሐሳብ አቀረቡ፦ ጥፋቱ የሰሚ ከሆነ፣ በስብሰባ የተባለውን ሁሉ አንድም ሳይቀራት ሰምታ የምትጽፈው ጸሐፊዋ ናት፤ ከሁሉ ይበልጥ የሰማችው እርሷ ናት፤ ስለዚህ ጥፋቱ የእርሷ ነው። ሰብሳቢው ይህን ያህል የጠራ አስተያየት ሰምተው እንደማያውቁ ተናገሩ። ጥፋቱ የጸሐፊዋ እንዲሆን በሁለት ድምፅ ተወሰነ። ጸሐፊዋ ይህንም እንደ ሌላው ሁሉ ሰምታ ጽፋለች።

ከዚያም አንድ የሰዋስው ጥያቄ እንድትጠይቅ ፈቃድ ለመነች፤ የሰዋስው ስለሆነ ተፈቀደላት። «የኔታ፣ ሰሚዋ ሴት ብትሆን ምን ይሉ ነበር?»

መሪጌታ «‘የሰማችው’ እል ነበር። ሃምሳ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ወንድና ሴት አልለይም እንዴ?» አሉ።

መምህር ሰማው ኔትወርክ ለመፈለግ ወደ ውጭ ወጡ።

መሪጌታ ቀጥለው፣ በተባለችው ማክሰኞ፣ በተባለችው ሰዓት ጸሐፊዋ ሞጣ ከእርሳቸው ቤት እንደነበረች፣ ከጧት ጀምሮ መብራት ስላልነበረ ኮምፒውተሯ ተዘግቶ፣ ድረ ገጹ ላይ በንጉሡ «ሠ» ፋንታ በእሳቱ «ሰ» የተጻፉትን ቃላት በወረቀት ሲያሳርሟት እንደቆዩ መሰከሩ። ይህን በቀጥታ ለመናገር ይህን ያህል ሰዓት ለምን እንደፈጀባቸው ጸሐፊዋ ጠየቀች። «ማን ጠየቀኝ?» ብለዋል።

አጀንዳ አራት፦ ልዩ ልዩ

መምህር ሰማው ኔትወርክ ሳያገኙ ተመለሱ። ሰብሳቢው ስለ ማኅበሩ ሰላምና ስለ ሁለቱ ከተሞች ፍቅር ሲባል አንድ የመጨረሻ ውሳኔ እንዲያልፍ ጠየቁ፦ ከየካቲት 14 ወዲህ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠር። ወ/ሮ ወይንእሸት ሦስቱ ቲዎችም ይወድቃሉ ወይ ሲሉ ጠየቁ። ይወድቃሉ ተባለ። አዝነው ተቀበሉ። ጸሐፊዋ ለመዝገቡ እንዲመች ማብራሪያ ጠየቀች።

«ሁሉም ነው ጋሼ?»

«ሁሉም።»

«አድራሻዎቹ እርስ በርስ እንዲዞሩ የተወሰነውም?»

«እርሱም።»

«የይለፍ ቃሉን ለመምህር ሰማው እንዳስረክብ የተወሰነውም?»

«ሁሉም አልኩሽ እኮ! አማርኛ አይገባሽም?»

የመጨረሻው ጥያቄ ሳይመለስ፣ ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ስብሰባው ከቀኑ 9 ሰዓት ከ20 ላይ ተበተነ።

አባላት ቆመው ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ ሰብሳቢው ቦርሳቸውን መታ መታ አድርገው፣ ከሥር አንዲት መስመር ብቻ እንድትጨመር ለጸሐፊዋ በዝግታ ነግረዋታል፦ «ድረ ገጹ በጸሐፊዋ በኩል በደረሰ ስህተት ተቋርጦ ነበር።» መስመሯ ከገባች ሰኞ ቋሚ እንደምትሆን፣ ካልገባች ከየካቲት 30 በኋላ መምጣት እንደማያስፈልጋት አክለዋል። መስመሯ እነሆ ገብታለች፤ ከተናገሯት ሰው ጋር።

የውሳኔው አፈጻጸም፦ የይለፍ ቃሉ እንዲሰጥ የተወሰነው እንዳልተወሰነ ስለተቆጠረ ቃሉ የጸሐፊዋ ነው። ከመናኸሪያው አጠገብ ካለው ኢንተርኔት ቤት 9 ሰዓት ከ40 ላይ ተቀይሯል። ቢቸናሞጣን ወደ ሞጣቢቸና የሚመልሰው ሁለተኛው ማዞሪያ ተነስቷል። አሁን ሞጣቢቸና ብሎ የጻፈም፣ ቢቸናሞጣ ብሎ የጻፈም ከአንድ ገጽ ይደርሳል። ከላይ የማመልከቻው ቅጽ አለ፤ ከሥሩ ይህ ቃለ ጉባኤ ሙሉውን ተለጥፏል። ሁለቱ ከተሞች እኩል ያነቡታል።

እስከዚህ «ጸሐፊዋ» እያልኩ ጻፍኩ፤ ወጉ ነውና። ከዚህ በታች ያለው የእኔ የትህትና ይግዛው ነው።

ሌላ ሰው በስሜ ገብቶ፣ ሠርቶ፣ አበላሽቶ ሲወጣ ስሜን ለእርሱ ጥፋት አላውስም። ቃሌን በፖስታ አሽጌ ለማንም አልሰጥም። ሁሉን ጽፎ ድምፅ የሌለው ሰው ሆኜ ከእንግዲህ አልቀመጥም። ያልሠራሁትን አምኜ የምፈርምበት ቋሚ ሥራ ቢሰጠኝ አልቀበልም፤ ደብዳቤው ቦርሳው ውስጥ ያርጅ። ትህትና አባቴ ያወጣልኝ ስም ነው። አባቴ ሲጠራኝ አቤት እላለሁ፤ ዝም እንድል ሲጠሩኝ ግን ከዛሬ ጀምሮ አቤት አልልም።