ጋቢ የለበሰው ሞተር

ለብረት የሚራራ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከፋ ውስጥ ደካ የምትባል ከተማ ሳስተምር ጎረቤቴ ነበሩ፤ የሚኒባስ ሹፌሩ ጋሽ አደሎ። ውርጭ በሚጥልበት ወቅት የገዛ ጋቢያቸውን ለሞተሩ ያለብሱና እሳቸው በስስ አንሶላ ያድራሉ።

“አንተ ሰውዬ፣ ብርድ ሊገድልህ ነው!” ይሏቸዋል ባለቤታቸው እትዬ አስካለ።

“ሰው ሲበርደው ይናገራል፤ ሞተር ግን ዝም ብሎ ነው የሚሞተው።”



አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ሚስቴን ምጥ ያዛት። ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኗል። የሰፈሩ መኪኖች በግፊም እምቢ አሉ። ጋሽ አደሎ ቤት ስሮጥ እትዬ አስካለ የሚኒባሱን ቁልፍ ሰጡኝ፤ መንዳት የማልችለው እኔ ገና ስነካው የጋሽ አደሎ ሞተር ተነሣ። ያልተነሡት ጋሽ አደሎ ነበሩ፤ ትኩሳት ይዟቸው ጥርሳቸው ይንገጫገጫል።

“ተኛ እንጂ!” አሉ እትዬ አስካለ።

“ሞተሩ ተነሥቶ እኔ ልተኛ?”

እየተንቀጠቀጡ ቦንጋ ድረስ ነዱ። ሆስፒታሉ በር ላይ ነርሷ አልጋ እየገፋች መጣችና ሚስቴን አልፋ ወደ እሳቸው ሄደች።

“እኔ ሹፌሩ ነኝ!” ብለው ጮኹ።

ሚስቴ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። በማግሥቱ ስንወጣ ጋሽ አደሎ ገና እንደተኙ ነበሩ። አራስ እናት ልጇን ታቅፋ የታመመ ሹፌር ስትጠይቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።