በጎቹ እረኛ የቀጠሩ ዕለት

ወንጌላዊ ሃንዲሶ ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየው ሕልም አየ። እንዳትፈርዱበት አደራ። ሌሊቱን ሙሉ ዱራሜ ጉባኤ ላይ ሲሰብክ አድሮ ጠዋት ሆሳዕና ቢገባ፣ ሚስቱ ቁርስ እንኳ ሳታቀርብለት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ አቶ ላምቤቦ ደጅ ቆመው ጠበቁት። እትዬ ብርቄ፣ ያቺ ምስኪን፣ ባጃጅ ነጂ ልጇን ምንተስኖትን ከቀበረች ወዲህ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። እህል አልቀመሰችም፤ እንባም ከዓይኗ አልወጣም። የድንኳኑን ሸራ እያየች ቁጭ ብላለች። ጎረቤቱ ሁሉ ፈርቶላታል። የሃንዲሶ ስብከት ድንጋይ ያናግራል ተባለና እሱ ተጠራ። እሷን ካላናገርክልን ሁለተኛ ሬሳ ማውጣታችን ነው አሉት አቶ ላምቤቦ።

እውነትም የሃንዲሶ ድምፅ የዋዛ አይደለም። «ሃሌሉያ» ሲል የጣራው ቆርቆሮ ይርገበገባል። ለዕለቱም ሦስት ነጥብ አዘጋጅቶ መጥቷል፤ አታልቅሱ፣ አትዘኑ፣ አትጠራጠሩ። ከእትዬ ብርቄ አጠገብ አስቀመጡትና ማይኩን ከፍተው አስያዙት። መዘምራኑ ጀመሩ። መዘምራን ደግሞ ታውቃላችሁ፣ አንዴ አዝማቹን ከያዙ መልቀቅ የለም። ሃንዲሶ አገጩን ማይኩ ላይ አስደግፎ ለጸሎት ዓይኑን ጨፈነ። ጸሎቱ ግን አልተጀመረም።

ወዲያው ራሱን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አገኘው። ቢገባ፣ ነገሩ ሁሉ ተገልብጧል። ምእመኑ በሙሉ፣ ሕፃን ሳይቀር፣ መድረኩ ላይ ተጠቅጥቆ ቆሟል፤ ታች አንዲት ባዶ አግዳሚ ብቻ ቀርታለች። አስተናጋጁ ክንዱን ይዞ እሷ ላይ አስቀመጠውና ዛሬ ሰሚው እሱ ብቻ እንደሆነ በትሕትና ነገረው። ሃንዲሶ ደሙ ፈላ። እኔ እኮ ሰባኪ ነኝ ብሎ ሊጮኽ አፉን ሲከፍት፣ ድምፁ በቀጥታ ሞንታርቦው ውስጥ ገብቶ ቀረ። ሞንታርቦው ዘወር ብሎ አየው። ትልቅ ጆሮ ነበር። ሃንዲሶ በጮኸ ቁጥር ጆሮው እየተሸማቀቀ፣ እያነሰ ሄደና የሕፃን ጆሮ አክሎ ግድግዳ ሥር ተሸሸገ።

ግድግዳው ተከፈተና ቢሮ ሆነ። በጎች ረጅም ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል፤ እረኛ ሊቀጥሩ ነው። ሰብሳቢዋ መነጽር ያደረገች አሮጊት በግ ናት። ከሃንዲሶ በፊት የገባው አመልካች ከረባት ያሰረ፣ ባሕር ማዶ ተምሮ የመጣ ሰው ነበር፤ ስለ ሣር በሦስት ቋንቋ ተናገረ። በጎቹ እያመሰኩ ሰሙት፣ አመስግነውም ሸኙት። አንዲት ጠቦት ሣሩ የታል ብላ ጠየቀች። ቀጥሎ የሃንዲሶ ተራ ሆነ።

«ድምፅህ ጥሩ ነው አሉ» አለችው ሰብሳቢዋ።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ከእኛ ውስጥ እግሯን የሚያማት ማን ናት?»

ሃንዲሶ ጎንበስ ብሎ ሊያይ ሞከረ፤ የጠረጴዛው ልብስ እስከ ወለሉ ወርዷል። እንደ ልማዱ ጉሮሮውን ጠረገና «አንደኛ» ብሎ ጀመረ።

«አንደኛ አላልንህም» አለች በጓ። «የምታነክሰውን ነው የጠየቅንህ።»

እነዚህን በጎች በየዓመቱ ለሪፖርት ቆጥሯቸዋል፤ ስለ እግራቸው ግን አስቦ አያውቅም። ቢቸግረው፣ ከመድረክ ላይ ሆኜ እግር አይታየኝም ብሎ እቅጩን ተናገረ። በጎቹ ተያዩ። ከሰባኪ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው አያውቁም መሰለኝ፣ ተንሾካሾኩና ለሙከራ ያህል እንውሰደው ተባባሉ። መጀመሪያ ግን አንዲት ቤት ሄዶ መምጣት አለበት አሉ።

ደጅ ባጃጅ ቆሞለታል። በዚያ አገር ተሳፋሪው ከፊት፣ ነጂው ከኋላ ነው የሚቀመጠው። ሃንዲሶ ዞር ብሎ ቢያይ ነጂው ምንተስኖት ነው። ልቡ ድንግጥ አለ፤ ግን የሞተ ሰው ባጃጅ ሲነዳ በሕልም ማን ይገርመዋል።

«ወዴት ነው፣ ጋሼ?»

«እናትህ ዘንድ። ላጽናናት።»

ልጁ ምን ልትላት ነው ብሎ ጠየቀው። ሃንዲሶ ሦስቱን ነጥቦች አንድ ባንድ ነገረው። ምንተስኖት ፍሬን ያዘ፤ አልተቆጣም፣ ሳቀ እንጂ።

«ስለ እኔስ የምትነግራት ነገር አለህ?»

ሃንዲሶ አሰበ። ልጁን በእጁ አጥምቆታል። በየእሑዱ ከመድረክ ላይ አይቶታል። በዚህችው ባጃጅ ስንቴ ቤቱ ገብቷል፣ ያውም በስልክ እያወራ። ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚያስቀው ግን አያውቅም። አፈረ፤ ከልቡ አፈረ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ።

«የለኝም» አለው።

«እንግዲያው እሷ ታውቃለች» አለ ምንተስኖት። ባጃጁን እንደ ጃንጥላ አጥፎ ብብቱ ውስጥ ከተተና ሄደ።

ሃንዲሶም ራሱን ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ አገኘው። ሰው ሁሉ አለ፣ እትዬ ብርቄም ከጎኑ አለች፤ ፕሮግራም መሪዋ ግን ያቺው መነጽራም በግ ናት። ሃንዲሶ ሲሰብክ ከጎንህ ላለው ሰው እንዲህ በለው ማለት ይወዳል። ሰውም ወደ ጎረቤቱ ዞሮ የታዘዘውን ይልና መልስ ሳይጠብቅ ፊቱን ይመልሳል። በጓም ያንኑ ልማድ ይዛ ተነሣች።

«ከጎንህ ያለችውን ጠይቃት» አለችው። «እስክትጨርስም ስማት።»

ሃንዲሶ ወደ እትዬ ብርቄ ዞረ። አፉን ሲከፍት «ሃሌሉያ» ወጣው። ደግሞ ሞከረ፣ «አሜን በሉ» ወጣው። ምን ነካው ይህ አፍ! የሚያውቀው ሁሉ እየተጋፋ ቀድሞ ይወጣል። ያ የተሸሸገ ጆሮ እየዳኸ መጥቶ ጉልበቱ ላይ ተቀመጠ። ሃንዲሶ እንዳያስደነግጠው ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ ብርቄ» አለ በቀስታ፣ «ምንተስኖት እንዴት ያለ ልጅ ነበር? እኔ አላውቀውም።»

ነቃ።

መዝሙሩ አልቋል። ድንኳኑ ጭጭ ብሏል። ማይኩ ከንፈሩ ላይ ነው፣ ለሃጩም ማይኩ ላይ ነው። አቶ ላምቤቦ ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጭነዋል፤ መዘምራኑ መሬት መሬት ያያሉ። ማንኮራፋቱ በሞንታርቦ እስከ ገበያው ድረስ ተሰምቷል፤ በእንቅልፍ ልቡ የጠየቀውም ጥያቄ እንዲሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

እትዬ ብርቄ ግን ዓይኗን ከሸራው ላይ አንሥታ እሱን እያየችው ነው።

«ልክ እንዳንተ ነበር የሚያንኮራፋው» አለች። ድምፅዋ ሻክሯል። «ሌሊት ሌሊት ግድግዳውን እየደበደብኩ ኧረ አስተኛኝ እለው ነበር። አሁን ቤቱ ጭር ሲልብኝ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ሴቶቹም አብረዋት አለቀሱ፤ ማንም አታልቅሱ አላላቸውም። እሷም ቀጠለች። ትልቅ ሰው ሆኖ መብረቅ እንደሚፈራ፣ ፊቱን ሳይታጠብ ባጃጁን እንደሚያጥብ፣ እየሳቀች እያለቀሰች አወራች። መሐል ላይ አቶ ላምቤቦ ጎንበስ ብለው፣ በል አሁን ስብከቱን ጀምር አሉት ለሃንዲሶ በጆሮው። ሃንዲሶ የማይኩን ማጥፊያ በጣቱ ፈልጎ አጠፋውና ወንበሩን ወደ እሷ ጠጋ አደረገ።

ብዙ አወራች። ሲበቃት ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ከንፍሮው ትንሽ አቅምሱኝ አለች። ሴቶቹ እየተሻሙ ተነሡ። እሷ ግን አንዷን በቀሚሷ ይዛ አስቀረቻት።

«ለወንጌላዊውም ትራስ አምጪለት» አለቻት። «ስብከቱ አድክሞታል።»