ውሃ ላይ ፈካ የለም

እስቲ ልጠይቃችሁ። መርከብ ልትሳፈሩ ብትነሱ ስንት ብር ትይዛላችሁ? ብሩስ ምን ምን ይሁን? ባለ ሁለት መቶ? ባለ አስር? አትሳቁ። እኔም ባለፈው መስከረም በራሴ እስኪደርስ ድረስ እስቅ ነበር። መተማ ቁጭ ብሎ ስለ መርከብ የሚያወራ ሰው ሙቀቱ ናላውን የነካው ነው እል ነበር። ትራክተር በሉኝ፣ የሰሊጥ ጆንያ በሉኝ፣ አቧራ በሉኝ፤ ሁሉንም በደንብ አውቃለሁ። መርከብ ግን ከየት ይመጣል?

ከበድሩ ነዋ!

በድሩ የሰፈራችን ልጅ ነው። ገና በወጣትነቱ ሱዳን ተሻግሮ፣ ካርቱም ላይ ሰው በሚያንሸራሽር ጀልባ ሲሠራ ዓመታት ቆየ። ጦርነቱ ሲነሳ ሚስቱንና አንዲት ሻንጣ ይዞ ተመለሰ። ሚስቱ የሐጂ ሰዒድ ልጅ ናት። ሐጂ ሰዒድ ደግሞ ሰሊጥ ነጋዴ ናቸው፤ ከተማው ውስጥ ሚዛን ያለው ሰው ሁሉ የሚፈራቸው። አማቻቸውን አይጠሉትም። ግን ሥራ ፈቶ ሲያዩት ዓይናቸው ይቀላል። ስለዚህ አብደራፊ ከሚያውቁት እርሻ ላይ የትራክተር ሥራ አፈላለጉለት።

በድሩ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እኔ የውሃ ሰው ነኝ፤ ትራክተር ላይ ስወጣ ያዞረኛል» አለ።

ትራክተር የሚያዞረው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ አይተናል።

ክረምቱን ሙሉ ጓንግ ወንዝ ዳር ሲያንኳኳ ከረመ። ባዶ የነዳጅ በርሜሎችን ጎን ለጎን አሰረ። በላያቸው ጣውላ መታ። ከኋላ የውሃ መሳቢያ ሞተር ገጠመ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ገበያው ጫፍ ላይ መኪናዬን ዘርግቼ ዚፕ እቀይራለሁ፣ ሱሪ አሳጥራለሁ።

«እታለም፣ ለመርከቤ የፀሐይ መከለያ ስፊልኝ» አለኝ።

«በምን ትከፍለኛለህ?»

«ለአንቺና ለባልሽ የመጀመሪያው ጉዞ በነጻ ነው» አለ።

ሰፋሁለት። ሸራው ጠንካራ ነበር፤ ሁለት መርፌ ሰበረብኝ። ቢሆንም ጨረስኩት፤ በዕድሜዬ መርከብ የምሳፈርበት ሌላ መንገድ አልታየኝም።

ሐጂ ሰዒድ ይህን ሲሰሙ ወንዙ ድረስ ሄዱ። በርሜሎቹን በከዘራቸው አንድ በአንድ መታ መታ አደረጉ። ከዚያ እንዲህ አሉት አሉ፤ «ስማኝ በድሩ። ይሄ ቆርቆሮ ጓንግን ተሻግሮ ከተመለሰ አፌን እዘጋለሁ። ካልተመለሰ ግን ሰኞ ጠዋት አብደራፊ ትራክተሩ ላይ ላግኝህ። እኔም እሳፈራለሁ፤ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም።»

በድሩ እሺ አለ። ሌላ ምን ይበል?

ከዚያ ማስታወቂያ ለጠፈ። በቀይ ቀለም፣ በትልልቁ፦ «እሑድ ጠዋት። በሰው ሃምሳ ብር። ውሃ ላይ ፈካ የለም።» ፈካ የምንለው ዝርዝር ብር ነው። ከሱዳኖቹ የወሰድነው ቃል ነው፤ ቃሉን ሰጡን እንጂ ዝርዝሩን አልሰጡንም።

ይህች ማስታወቂያ ከተማውን በጠበጠችው። ሰው ሁሉ አማካሪ ሆነ። የባጃጅ ሾፌሩ አንገቱን አዙሮ፣ ብዙ ብር እንዳንይዝ፣ ጀልባው ቢገለበጥ አብሮ እንደሚሰምጥ ነገረኝ። ጎረቤቴ ደግሞ ብዙ ካልያዛችሁ ማዶ ብትቀሩ በምን ትመለሳላችሁ አለች። ዚፕ ልታስቀይር የመጣች አንዲት ነርስ ብሩን በፌስታል ጠቅልሉት፣ በሁለት ፌስታል ቢሆን ይመረጣል አለች። ጤና ባለሙያ ስለሆነች ይህችኛዋን ሰማኋት።

ባሌ ያረጋል ግን የማንንም አልሰማ። ያረጋል መምህር ነው፤ ጂኦግራፊ ያስተምራል። በውሃ ጉዳይ ከእሱ በላይ ማን ያውቃል? «መርከብ ላይ የሚሳፈር ሰው ባለ አስር ይዞ አይሄድም፤ ያስንቃል» አለ። ቅዳሜ ባንክ ሄዶ ተሰልፎ፣ አስር አዳዲስ ባለ ሁለት መቶ ብሮች ይዞ መጣ። እርስ በርስ እንኳ አልተላቀቁም። ከነጭ ሸሚዙ የደረት ኪስ ከተታቸው። ለምን እንደሆነ ገባችሁ አይደል? ሐምራዊው ቀለም በስሱ ጨርቅ ውስጥ እንዲታይ።

እኔ የስፌት ብሬን የማጠራቅምባት የወተት ቆርቆሮ አለችኝ። ውስጧ ሁሉ ባለ አምስትና ባለ አስር ነው። ልይዛት ስል፣ «ይሄን ጭምድድ ነገር ይዘሽ ልታዋርጂኝ ነው?» አለኝ። ተውኩት። በትዳራችን ባሌን ሳልከራከር ከሰማሁባቸው ጥቂት ቀናት አንዷ ያች ናት።

ደግሞ እሱ ስለ ባለ ሁለት መቶ ሳይማር ቀርቶ አይደለም። አንድ ጊዜ ክብሪት አልቆብን አንዲት ሁለት መቶ ይዞ ሱቅ ሄደ። ባለሱቁ መልስ የለኝም አለው። ያረጋል ደግሞ ባዶ እጄን አልመለስም ብሎ ሙግት ገጠመ። ተስማሙና በቀሪው ብር ሳሙና ወሰደ። ክብሪት ሊገዛ የሄደ ሰው ሳሙና በካርቶን ተሸክሞ መጣ! ክብሪቷንም እዚያው ረስቷት ነበር። ያን ቀን ቀዝቃዛ ምግብ በላን እንጂ እጃችን እንዴት ጸድቶ ነበር መሰላችሁ።

እሑድ ጠዋት ወንዙ ዳር ደረስን። ግማሽ ከተማ ወጥቷል፤ የሚሳፈረው ግን አስራ አምስት ያህል ሰው ነው። በሉ በሉ ከሚለው ሕዝብ መካከል ልቡ የቆረጠ ይኸው ብቻ ነበር። ከእኛ በቀር ሁሉም ማለት ይቻላል የመሳፈሪያውን ሃምሳ ብር ሞልቶ ለመስጠት ያለችውን ዝርዝር ከየኪሱ አራግፎ ከፈለ፤ በድሩም የተሰበሰበውን ዳር ላይ ለሚስቱ ትቶላት ተሳፈረ። ይህን ልብ በሉልኝ።

ሐጂ ሰዒድ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው ከፊት ተቀመጡ። ኪሳቸው በላስቲክ በታሰረ ባለ ሁለት መቶ አብጧል። እትዬ ብርቄ የተቀቀለ እሸት በቆሎ በዘንቢል ይዛ ገባች፤ ማዶ ልትሸጥ ነው። ከኋላ ደግሞ አረም ጨርሰው የሰሊጥ አጨዳ የሚጠብቁ የወሎ ሠራተኞች ተደረደሩ። ከእነሱ አንዱ፣ እንድሪስ የሚባል ቀጭን ሰው፣ ወገቡ ላይ አንዲት ጥቁር ፌስታል አስሯል። ምን እንዳለባት ያኔ ማን ጠይቆት?

ሞተሩ ተነሳ። በርሜሎቹ ተንቀሳቀሱ። ሴቱ ከዳር እልል አለ፤ ወንዱ አጨበጨበ። ምን ልበላችሁ፣ ነፋሱ ፊቴን ሲነካኝ፣ የሰፋሁት ሸራ ከላዬ ሲወዛወዝ፣ ያረጋልም እጄን ሰው ፊት ሲይዘኝ፣ እንደገና የተሞሸርኩ መሰለኝ። ሐጂ እንኳ ጺማቸውን እየዳበሱ ፈገግ ማለት ጀምረው ነበር።

ልክ መሐል ስንደርስ ከሥራችን «ኽርርር» የሚል ድምፅ መጣ። ቆምን። ሞተሩ አንዴ አሳለና ጸጥ አለ።

«ማፊ ሙሽኪላ!» አለ በድሩ፤ ችግር የለም ማለቱ ነው። ፊቱ ግን ችግር አለ ይላል።

ሐጂ ዘወር ብለው አዩት። አንዲት ቃል ብቻ ተናገሩ። «ሰኞ» አሉ።

በድሩ ሞተሩን ፈታታው። አሸዋ ውጦ ነበር። ሲጠርግ፣ ሲነፋ፣ ሲገጥም፣ ሲፈታ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ደረሰች። እኛ ከጣውላው ጫፍ ሸሽተን መሐል ላይ ተጣበቅን። ያረጋል ስለ ጓንግ ጥልቀት ማስተማር ጀመረ። በዚህ ላይ አዞን ሲጨምርበት ክርኔን ጎኑ ላይ አሳረፍኩለት።

ረሃብ መጣ። እትዬ ብርቄ ማዶ መድረሷን ስትጠራጠር ዘንቢሏን ከፈተች። «አንዱ አስር ብር!» የወሎ ልጆች የተረፈቻቸውን አስር አስር ብር አውጥተው ወዲያው ገዝተው መብላት ጀመሩ። ያረጋል ደረት ኪሱ ገብቶ አንዷን ሐምራዊ በሁለት ጣቱ አወጣ።

«ሁለት ስጪን» አላት።

እትዬ ብርቄ ብሩን አየችው። «እንዴት ያምራል!» አለች። «ግን መልስ የለኝም መምህር።»

ሐጂም ሞከሩ። ያው ነው። በቆሎው አልቆ ስድስት ብቻ ቀርቷል። «ስድስቱንም በሁለት መቶ ልውሰድ» አሏት። ብርቄ ተቆጣች። «የስልሳ ብር በቆሎ በሁለት መቶ ሸጣ ሐጂን ገፈፈች ብለው ገበያ ላይ ስሜን ሊያጠፉት ነው? አይሆንም። ይልቅ ዝም ብለው ይብሉ፤ መርቄ ሰጥቼዎታለሁ።»

«እኔ ሰዒድ ሰው የደከመበትን እህል በነጻ አልበላም!»

«እንግዲያው አይብሉ!»

ሁለት ኩሩ ሰዎች፣ መሐላቸው ስድስት በቆሎ። ሐጂ ጀልባው እንዳያጥወለውላቸው ብለው ቁርስም አልበሉም ነበር። ሆዳቸው ሲጮህ እኛ ሁላችንም ሰማን፤ ግን ማን ደፍሮ ይስቃል?

ይሄኔ እንድሪስ ከኋላ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሐጂየ፣ ዝርዝር ነው የቸገረዎ?»

ፌስታሏን ፈታት። አቤት! ባለ አምስት፣ ባለ አስር፣ ሳንቲም ሳይቀር ጢቅ ብላለች። የአረም ደሞዙን አሠሪው ሁሉ ዝርዝሩን እየለቀመ ለእሱ ነበር የሚሰጠው። «ሁለት መቶውን ይስጡኝ፣ መቶ ሃምሳ ልስጥዎ» አለ በትሕትና።

ሐጂ ቀስ ብለው ዞሩ። «ሃምሳው የት ገባ?»

«ወላሂ ሐጂየ፣ እኔ ምን አውቄ። አምና የቃርሚያ ሰሊጤን ይዤ መጋዘንዎ ብመጣ ‘እርጥበት አለው’ ብለው ቀነሱብኝ። ይሄም ብር ውሃ ላይ ነው ያለው። እርጥበት አለው።»

ሐጂ አፍጥጠው አዩት፣ አዩት። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቁ! እንባቸው ጺማቸው ላይ እስኪወርድ፣ በርሜሎቹ እስኪንኳኩ ሳቁ። በዚያ ሁሉ ዓመት ሐጂ ሰዒድ ጥርስ እንዳላቸው ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ ክርክሩን ጀመሩ። እንዴት ደስ ብሏቸው ተከራከሩ! መቶ ስልሳ፣ መቶ ሰባ፣ በመጨረሻ መቶ ሰማንያ ላይ ተጨባበጡ። ስድስቱን በቆሎ በስልሳ ብር ገዙ።

ያረጋልም እኔስ ብሎ ተጠጋ። እንድሪስ ለመምህር ብሎ አስተያየት አደረገለት፤ አስር ብር ብቻ ቀነሰ። ባሌ መቶ ዘጠና ብር ጭምድድ ዝርዝር ይዞ ወደ ብርቄ ዞረ። በቆሎ አልቋል። ሐጂ አዘኑልንና አንዱን በቆሎ ሰጡን፤ ከሁለት ሰብረን በላነው። ነጩ ሸሚዝ የደረት ኪስ ደግሞ የዶሮ ጎጆ መሰለ።

ታሪኩ አላለቀም። እንድሪስ በልቶ ሲጨርስ እጁን ሊታጠብ ወደ ጫፍ ሄዶ አጎነበሰ። ጣውላው አዳለጠው። ጭልጥ ብሎ ውሃው ውስጥ ወደቀ። ጮህን! ብርቄ ማርያም ማርያም አለች። እንድሪስ ግን ቀጥ ብሎ ቆመ። ውሃው እስከ ጉልበቱ ነው።

እስከ ጉልበቱ! ከጠዋት ጀምሮ ነፍሳችንን ለፈጣሪ አደራ ሰጥተን የተቀመጥነው ጉልበት የማያልፍ ውሃ ላይ ነው። የጂኦግራፊ መምህሩን አየሁት። ሰማይ ሰማይ ያያል።

ወንዶቹ እየዘለሉ ወረዱ። እየተቀባበሉ፣ እንደ አጨዳ ቀን «ሆ!» እያሉ መግፋት ጀመሩ። በርሜሎቹ አልነቃነቅ አሉ። ያኔ ሐጂ ከዘራቸውን ለእኔ ሰጡኝ። ጀለቢያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ወረዱ። በድሩ ደነገጠ።

«ኧረ ተዉ ሐጂ፣ እርስዎ አይገፉም!»

«ዝም በል! ሞተርህን አስነሳ!»

እኒያ በአንድ ቃል መጋዘን የሚያዘጉ ሰው፣ የአማቻቸውን ቆርቆሮ በትከሻቸው ሲገፉ አየሁ። ጀልባው ተነቃነቀ። ሞተሩም አብሮ ነፍስ ዘራ። እየዘለሉ ተሳፈሩ፣ ማዶ ነካን፣ ዞርን፣ ተመለስን። በዳር ያለው ሕዝብ የሆነውን ሳያውቅ ያጨበጭባል።

በድሩ ገመዱን አሰረና አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ሐጂ ጀለቢያቸውን እየጨመቁ መጡ።

«ሰኞ...» ብለው ጀመሩ።

በድሩ ወደ አብደራፊ የሚወስደውን መንገድ አየ።

«...ሰኞ ስንት ሰዓት ነው የምትነሳው? ሚስቴን ላመጣ ነው።»

በድሩ የታሰረውን ገመድ እንደገና ማሰር ጀመረ። ፊቱን ደብቆ እያለቀሰ ነበር። እኔም ከዘራውን እንደያዝኩ አብሬው አለቀስኩ፤ ያረጋል ለሚያዩን ሰዎች «ፀሐይ ነው» አላቸው።

ሐጂ ቃላቸውን ጠብቀው አፋቸውን ዘጉ። እጃቸውን ግን አልዘጉም። እንድሪስን አጨዳው ይቅርብህ ብለው፣ ጠረጴዛና ጃንጥላ ገዝተው ወንዙ ዳር አስቀመጡት። ሥራው ለተሳፋሪ ባለ ሁለት መቶ መዘርዘር ነው። ትርፉ ለሁለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከመርከቡ ይልቅ ጠረጴዛው አተረፈ ይባላል።

ከተማው ግን ቶሎ ተማረ። በሚቀጥለው እሑድ ሰው ሁሉ ብልጥ ሆኖ መጣ። ዝርዝር በካልሲ፣ ዝርዝር በመሐረብ፣ እኔም የወተት ቆርቆሮዬን በኩራት አቅፌ። ማንም ወደ እንድሪስ ዞር አላለም። እንዴት ደስ አለኝ! እንድሪስ ግን ጃንጥላው ሥር ተደላድሎ ጥርሱን ይፍቃል።

ቀትር ላይ በድሩ ጆንያ ሙሉ ዝርዝር ተሸክሞ እያለከለከ ከነዳጅ ሻጩ ዘንድ ተመለሰ። ሰውየው «ይሄን ቆጥሬ መቼ ልጨርስ ነው? ባለ ሁለት መቶ አምጣ» ብሎ መልሶታል። ያለ ነዳጅ ደግሞ መርከብ የለም። በድሩ ጆንያውን እንድሪስ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈው። እንድሪስ ዝርዝሩን በአንድ እጁ ሰብስቦ፣ በሌላው ሐምራዊ ሐምራዊውን እየቆጠረ ሰጠው። ለድካሙ እንደተለመደው ቀንሶ።

እንግዲህ መተማ መጥታችሁ መርከብ ልትሳፈሩ ካሰባችሁና ምን ዓይነት ብር እንያዝ ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ፣ አትጨነቁ እላለሁ። ትልቁንም ያዙ፣ ትንሹንም ያዙ። በየትኛውም በኩል ቢዞር እንድሪስ ጋ ነው የሚያድረው።